የአሰብ መስመር ትዝታ፦ ሾፌር፣ ረዳት፣ የሾፌር ልጅ የሆናችሁ እስቲ ኑ

የኤንትሬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት የእናቴን ዕቃ ቤት ስናጸዳ አንድ የብረት ጄሪካን አገኘን። ዙሪያውን ጆንያ ተሰፍቶበታል። ስፌቱ ሁለት ዓይነት ክር ነው፤ አንዱ የጫማ ሰፊ ክር ይመስላል፣ ሌላውን አላወቅኩትም። ልጥለው ስል እናቴ "እሱን ንካና እንጣላለን" አለችኝ። የአባቴ ነው።

አባቴ እስከ 1983 ድረስ አሰብ ተመላልሷል። መኪናው ፊያት 682 ነበር፣ ተሳቢ ያለው። ሰፈር ውስጥ ሁሉም "ኤንትሬ" ነው የሚለው። ካረፈ 11 ዓመት ሆነው። ሰው ቤት ሲመጣ እንኳ ብዙ አያወራም ነበር። እኔ የማውቀው ሽታውን ነው፤ ናፍታና ቴምር። ከመንገድ ሲመጣ ሁለት ቀን ይተኛል፣ እኛ ኮቴያችንን አጥፍተን እንሄዳለን። በሦስተኛው ቀን መኪናው ሥር ይገባል። በአራተኛው ቀን የለም።

እና የምታውቁ ካላችሁ፦ ጆንያው ለምንድነው? መንገዱስ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር? እዚያ ሲደርሱ ምን ያደርጉ ነበር?

ጡረተኛው

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ጄሪካኑን እንዳትጥል።

ጆንያውን ውሃ ታጠጣዋለህ። ከዚያ ከካቢናው ውጪ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ታስረዋለህ። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ጆንያውን ያደርቀዋል፤ ጆንያው ሲደርቅ ውስጥ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። በቃ፣ ፍሪጃችን እሱ ነበር። ሚሌ ላይ በሩን በጨርቅ ይዘህ ካልከፈትክ እጅህ በሚላጥበት ሰዓት ከዚያ ጄሪካን አንድ ጣሳ ስትጠጣ... ተወው። ግን ውሃው ለሰው ብቻ እንዳይመስልህ። ራዲያተሩ ይቀድማል። አለቃዬ "ሰው ይጠማል እንጂ አይፈላም" ይለኝ ነበር።

እኔ በ1962 ረዳት ሆኜ ነው የጀመርኩት። ያኔ መንገዱ በደሴ በኩል ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማበር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ። ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለውን ጣሊያን ነው የሠራው። በኋላ በአዋሽና በገዋኔ አድርጎ ሚሌ የሚገባው ሲከፈት ብዙው ሰው ወደዚያ ዞረ። ሜዳ ነዋ። ሙቀቱ ግን ከመተሐራ ጀምሮ ይቀበልሃል።

ጣርማበር ዋሻው አፍ ላይ ሁለት ጋቢ ደርበን ጥርሳችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ ረዳት ወርዶ ከፊት በእግሩ ይሄዳል። በማግስቱ ማታ እዚያው ካቢና ውስጥ ሽርጥ ብቻ አገልድመህ ላብህን በመዳፍህ ትጠርጋለህ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነስተህ ባሕር ጠርዝ ነው የምትገባው።

ስንት ቀን ላልከው፣ ሁሉ ሰላም ከሆነ መሄጃው ሦስት ቀን። ሁሉ ሰላም የሆነበትን ጉዞ ግን አላስታውስም። ደግሞ ወደቡ ላይ ተራ አለ። ሳምንትም ትጠብቃለህ፣ ሁለት ሳምንትም።

ወንጂ ሸንኮራ

ጋሼ እጅ እነሳለሁ። አንድ ነገር ይንገሩን። አጎቴ የኤንትሬ መሪ በቀኝ ነበር ይላል። እኛ አገር መኪና በቀኝ እየሄደ መሪው ደግሞ በቀኝ? እንዴት ይደርባሉ?

ጡረተኛው

አጎትህ ልክ ነው። ጣሊያኖች ትልልቅ መኪናቸውን መሪ በቀኝ ያደርጉ ነበር። ምክንያቱ ተራራ ነው፤ ሾፌሩ የገደሉን ጫፍ ራሱ እያየ እንዲነዳ። በእኛ አገር እስከ 1956 ድረስ መኪና በግራ ነበር የሚሄደው፣ ከዚያ ወዲህ ነው ወደ ቀኝ የዞረው። መኪናው ግን እንደነበረ ቀረ።

ለመደረብ የረዳት ዓይን ነው የሚያስፈልገው። ግራ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን ያወጣል። "ቆይ... ቆይ... ግባ!" ይላል። አንተ ምንም አይታይህም። ሕይወትህ የ18 ዓመት ልጅ አፍ ላይ ነው።

ታኮ

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ጋ ልግባ። እኔ ያ የ18 ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ሾፌሮች ሲያወሩ ሁሌ እሰማለሁ፤ "ነዳሁ፣ ወጣሁ፣ ወረድኩ" ነው። ረዳቱ እንደ ክሪኩና እንደ ሌቫው ዕቃ ይመስላል። ስሜን ያወጡልኝ እነሱ ናቸው፣ ታኮ ብለው። ዳገት ላይ መኪናው ማርሽ እምቢ ሲል ከካቢና ዘልዬ ወርጄ ከኋላ ጎማው ሥር እንጨቱን የማስገባው እኔ ነኝ። መኪናው እየተንፏቀቀ ነው፣ ጭነቱ ከተሳቢው ጋር ወደ 200 ኩንታል ነው፣ እኔ ደግሞ በሸበጥ ነኝ። ትንሽ ከዘገየሁ ተሳቢው ይታጠፋል። ትንሽ ከፈጠንኩ እጄ አብሮ ይገባል። የግራ ትንሿ ጣቴ እስካሁን አትታጠፍም። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ባለ መኪናው በሕይወት አለ።

ጎማውስ? ዶቢ ሜዳው ላይ፣ ጨዉ ዓይን እያሳወረ፣ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ፈትቻለሁ። ዳዶውን በረጅም ቧንቧ ላይ ቆሜ እየዘለልኩ ነው የማላላው። ቸርኬውን ታወጣለህ፣ ቀለበቱን በሌቫ ትፈነቅላለህ፣ ካላማዳሪውን ታወጣለህ፣ ፈልገህ ትለጥፋለህ፣ ትመልሳለህ፣ ትነፋለህ። ቀለበቱ በደንብ ካልገባ ሲነፋ ይፈናጠራል። በዚያ የሞተ ልጅ አውቃለሁ። ስለዚህ ስትነፋ ፊትህን አዙረህ ነው።

ማታ ደግሞ ሾፌሩ ካቢና ውስጥ፣ እኔ ተሳቢው ሥር። እንዳይሰረቅ ነው የሚባለው። እውነቱን ለመናገር ግን ተሳቢው ሥር ነፋስ ስላለ የተሻለ እንቅልፍ የተኛሁት እኔ ነኝ። 😄

ጡረተኛው

ታኮ ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። እኔም አምስት ዓመት ተሳቢ ሥር ተኝቻለሁ። ሾፌር ስሆን ረሳሁት ልበል?

ፒኬ 12

እኔ የኋለኛው ዘመን ሰው ነኝ። ከ1991 ጀምሮ ጅቡቲ። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መስመር ቀጥ አለ፤ ያ ሁሉ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። አስቡት፣ ከሎግያና ከሰርዶ አልፎ እስከ ዲቾቶ ድረስ መንገዱ ያው ነው። ዲቾቶ ላይ አንዱ ወደ አሰብ፣ አንዱ ወደ ጋላፊ ይገነጠላል። የድሮ ሾፌሮች እዚያ መገንጠያ ላይ ሲደርሱ መሪው በልማድ ወደ አሰብ ይሄድባቸው እንደነበር እየሳቁ ያወሩናል።

ጋላፊን ስታልፍ ሌላ አገር ነው። ዮቦኪ፣ ዲኪል፣ ከዚያ ወደ ከተማው። በእኔ ጊዜ ከጋላፊ ወዲያ ያለው መንገድ የመኪና ጠላት ነበር፤ ባሌስትራ የሚበላ። ከተማው መግቢያ ላይ ፒኬ 12 አለ፤ ከመሀል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እዚያ የመኪና ባሕር ታያለህ። ሁሉም ሰሌዳ የኛ። ቡና የሚያፈሉት የኛ፣ ጎማ የሚለጥፉት የኛ፣ የሚጣሉትም የኛ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ይመጣል። አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው። በፎጣ አፍህን ሸፍነህ ካልተኛህ ጠዋት ጥርስህ ይንኮሻኮሻል።

ደግሞ አንድ ነገር ቶሎ ትማራለህ፤ ወረቀትህን ከቀትር በፊት ጨርስ። ከቀትር በኋላ ጫቱ ከኛ አገር ይገባል፣ አገሩ ይቆማል። ጉዳይህን የያዘው ሰውዬ አይቸኩልም። አንተም ብትቸኩል ለራስህ ነው።

እኛ 400 ኩንታል ጭነን፣ መሪ በሁለት ጣት እያዞርን "ደከመን" እንላለን። የእናንተን ስሰማ አፈርኩ።

ሎግያ

ሁሉንም አነበብኩ። ደስ ይላል። ግን እናንተ ስለ አፋር ስታወሩ ሙቀትና ጨው ብቻ ነው እንዴ? ሰውስ የለም?

እኔ መንገዱ ዳር ነው ያደግኩት። አባቴ ከመኪናችሁ ይልቅ የሚፈልገው ወሬያችሁን ነበር። ዳጉ እንላለን። ሁለት ሰው ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ይባላል፤ ከየት መጣህ፣ ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ መንገዱ ላይ ምን አየህ፣ ሁሉም በተራ ይነገራል። የሰማኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ለሚቀጥለው ታደርሳለህ። ውሸት ያወራ ሰው ስሙ ይበላሻል። ወንዝ ሞልቶ መንገድ ቢቆርጥ፣ መኪና ቢገለበጥ፣ ከሬዲዮ በፊት እኛ ጋ ይደርስ ነበር። የገባቸው ሾፌሮች ቆመው ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሰማሉ። ያልገባቸው ጡሩምባ እያሰሙ ያልፋሉ፣ ከዚያ ወንዝ ዳር ሁለት ቀን ይቆማሉ።

ግመል የገጨ ሾፌር ታሪክም እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ሁሌ ይመጣል። 😀 ቀድሜ ልናገር። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በሥርዓቱ ይዳኛል፣ ትከፍላለህ። ሴት ግመል ከሆነች የምትወልደውም ይታሰባል። ያ ግመል የቤተሰቡ ወተት ነው። መኪናህን ሰው ቢያቃጥልብህ ዝም ትላለህ?

ጡረተኛው

ሎግያ፣ እውነትክን ነው። እኔ ገጭቻለሁ። በ1971 መሰለኝ፣ ሌሊት ነው፣ ሰርዶ አካባቢ። ሮጬ ላመልጥ አስቤ ነበር፣ አልደብቅም። አለቃዬ "ከሮጥክ ይህን መንገድ ዕድሜ ልክህን አትመለስበትም" ብሎ አስቆመኝ። ዛፍ ሥር ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። መጀመሪያ ወተት ሰጡን። ከዚያ ነው የተዳኘነው። ከፈልን። በሚቀጥለው ጉዞ እዚያው ሰፈር ጎማ ፈንድቶብኝ ያ ባለ ግመሉ ሰውዬ ነው ውሃ ያመጣልኝ።

አይ80

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እኔም የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። እዚህ የኛ ሰው በዚህ ሥራ ሞልቷል፤ ነዳጅ ማደያ ላይ አማርኛ ሳልሰማ የማድርበት ሳምንት የለም። ካቢናዬ ውስጥ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ማይክሮዌቭ አለ። በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድም፤ መቁጠሪያው ከሞተሩ ጋር ተያይዟል፣ አይዋሽም። ዋዮሚንግ ላይ ነፋሱ ባዶ ተሳቢ ይገለብጣል፣ እሱ ብቻ ነው ከእናንተ ጋር የሚያመሳስለን።

ታኮ፣ የአንተን ጽሑፍ ለሚስቴ አነበብኩላት። "አንተ ደግሞ ብቻዬን ነኝ እያልክ ታማርራለህ" አለችኝ። ጥያቄ አለኝ፤ እናንተ ሁለት ሆናችሁ ካቢና ውስጥ ያን ያህል ቀን ምን ታወሩ ነበር?

ታኮ

ምንም። ሞተሩ አያሰማም። ኤንትሬ ስትጮህ የራስህን ሐሳብም አትሰማም። የምናወራው ስንቆም ነው። ስንቆም ደግሞ ጎማ እየቀየርኩ ነው። 😂

ወንጂ ሸንኮራ

ጋሼ፣ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ እዚያ መስመር ላይ ነበሩ?

ጡረተኛው

ነበርኩ። ስንዴ ነው የምንጭነው። አሰብ ወደብ መርከብ ተሰልፎ ይታይ ነበር፣ ማራገፊያ አጥቶ። ከዚያ ወደ ወሎ።

ባቲ መንገዱ ላይ ነው። ድሮ ሰኞ ሰኞ ትልቁ ገበያ የሚቆምበት ባቲ። በ1977 ግን መጠለያው ነበር የሚታየው። ከቁልቁለቱ ሆነህ ስታይ ጭስ ይመስላል፤ ስትቀርብ ሰው ነው። ብዙ ማውራት አልፈልግም። አንድ ነገር ልንገርህ። ምሳችን ዳቦ ነበር። መንገድ ላይ ገዝተን ባቲን እስክናልፍ አንበላም። አንድ ቀን ረዳቴ ራበውና ካቢና ውስጥ አጎንብሶ፣ ከመሪው በታች ተደብቆ ቆረሰ። አንዲት ትንሽ ልጅ መስኮቱ ላይ ነበረች። ምንም አላለችም፣ እጇንም አልዘረጋችም። ዝም ብላ አየችው። ከኋላችን 200 ኩንታል ስንዴ ጭነናል፣ የታሸገ፣ በወረቀት የተቆጠረ። ዳቦውን ሰጣት። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ ካቢና ውስጥ በልቶ አያውቅም። አሁን እሱም ሽማግሌ ነው።

አወያይ

ከላይ ሁለት መልእክት አንስቻለሁ። ወደቡ የማን ነው የሚለው ክርክር ሌላ ክር አለው፣ እዚያ ሂዱና ተፋለሙ። እዚህ ትዝታ ብቻ።

የካምፖ ሱዳን ልጅ

አመሰግናለሁ አወያይ። ልጽፍ ፈልጌ እነዚያን ሳይ ትቼው ነበር።

እኔ አሰብ ነው የተወለድኩት። አሁን ስዊድን ነኝ። እናቴ ካምፖ ሱዳን ሰፈር ምግብ ቤት ነበራት፣ ስድስት ጠረጴዛ። ደንበኞቿ እናንተ ናችሁ። ሾፌር ምን ያደርግ ነበር ላልከው፣ ወንድሜ፣ ልንገርህ። ቀን ቀን ይተኛል፤ ማራገቢያው ሥር፣ ወለሉን ውሃ እናርከፈክፍለት ነበር። ማታ ሁሉም ሰው አልጋውን ወደ ውጪ ያወጣል። መንገዱ በሙሉ አልጋ ነው። ሀብታም፣ ድሃ፣ ሾፌር፣ የነዳጅ ማጣሪያው መሐንዲስ፣ ሁሉም ሰማይ ሥር ነው የሚተኛው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ሌላ አገር ሰው ቤት ውስጥ እንደሚተኛ ሲነግሩኝ አላመንኩም።

መጀመሪያ ጊዜ የመጣ ረዳት ዓሣ አይበላም፤ "እሾህ አለው" ይላል። በሦስተኛው ቀን ሥጋ ይሰለቸዋል። ከዚያ ለቤቱ ሁሉ የደረቀ ዓሣ ጭኖ ይሄዳል።

እናቴ የዱቤ ደብተር ነበራት። ሾፌር ሲጭን ነው ገንዘብ የሚያገኘው፣ እስኪጭን ይበላል፣ ይጻፋል። ሁሉም ይመለሳል፣ ስለዚህ ማንም አይፈራም። በ1985 ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆንም ያው ነበር። ያው መኪና፣ ያው ሾፌር፣ ያው ብር፤ ኬላው ብቻ ጨመረ። ናቅፋ ሲመጣ ደብተሩን በሁለት ገንዘብ መጻፍ ጀመረች፣ ያም ስድስት ወር ነው። ከዚያ ግንቦት። አንድ ሳምንት ጠረጴዛው ሁሉ ሙሉ ነበር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዝንብ። በዚያ ክረምት እኛም በጅቡቲ ዞረን አዲስ አበባ ገባን። ማሰሮ፣ አልጋ፣ ማራገቢያ፣ ሁሉን ትታ ደብተሩን ይዛ ወጣች። አባቴ "ማን ሊከፍልሽ ነው?" ሲላት "መንገዱ ሲከፈት" አለችው።

ጡረተኛው

እህቴ፣ እኔ ሚያዝያ 1990 ላይ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የወጣሁት። አላወቅኩም መጨረሻ መሆኑን። ሁለት ሸሚዝ ለአጣቢ ሰጥቼ ነበር፣ በሚቀጥለው እወስዳለሁ ብዬ። አንዷ አዲስ ነበረች።

ካምፖ ሱዳን ስድስት ጠረጴዛ... በሩ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ነበረው? እኔም ደብተሩ ላይ ሳልኖር አልቀርም። ሁለት ዓሣና የሻይ ሒሳብ ይመስለኛል።

የካምፖ ሱዳን ልጅ

መጋረጃው ሰማያዊ ነበር!!! ጋሼ፣ አሁን እማዬ ጋ ደወልኩ። ደብተሩ አዲስ አበባ ሳንዱቋ ውስጥ ነው። በስም አትጽፍም ነበር፣ በምልክት ነው። አነበበችልኝ፦ "ጥርሰ ወርቁ"፣ "ቀዩ የደብረ ዘይት"፣ "ዓሣ የማይበላው"፣ "የሚያንኮራፋው"፣ "ባለ ጆንያው"።

ጡረተኛው

የሚያንኮራፋው እኔ ነኝ። ስንት ነው?

ታኮ

ዓሣ የማይበላው እኔ እንዳልሆን ብቻ። 😅

የኤንትሬ ልጅ

ባለ ጆንያው ማነው? እባክሽ ጠይቂልኝ።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ተስፋ እንዳትቆርጥ እንጂ ያኔ ሁላችንም ባለ ጆንያ ነበርን።

የካምፖ ሱዳን ልጅ

እኔም እንደዚያው አልኳት። እሷ የምትለው ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ዝምተኛ ነበር፣ ገብቶ ይበላል ይወጣል። አንድ ጊዜ ጆንያው ተቀዶ መጣ፣ እሷ በዓሣ መረብ ክር ሰፋችለት። የስፌቱን ሒሳብ አልቀበልም አለች፣ የምግቡ ግን ተጻፈ። 4 ብር ከ50። በ1983 መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከዚያ አልተመለሰም። የእሱ መሆኑን ግን እንጃ።

የኤንትሬ ልጅ

አሁን ጄሪካኑን አውጥቼ እያየሁት ነው። ሁለተኛው ክር ናይለን ነው። በአንድ ጎን ብቻ ነው የተሰፋው፣ ወደ አንድ ስንዝር ይሆናል። ቀለሙ ለቋል፣ ምን እንደነበር አይታወቅም። እናቴ ከኋላዬ ቆማ "እሱ ዱቤ አይወድም" ትላለች። ግን ቆማለች፣ አልሄደችም።

ክሩ ምን ቀለም ነበር? እናትሽን ጠይቂልኝ።

የካምፖ ሱዳን ልጅ

ደወልኩ፣ ተኝታለች። ነገ ጠዋት እጠይቃታለሁ። የውስጥ መልእክት ላኩልህ፣ እየው።